የእንግሊዝኛው ክፍል ጫጫታ

በማኅበራችን አዳራሽ ለተማሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ይደርስ ዘንድ ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል። የማኅበሩ ጸሐፊ።



ሁላችሁም እንደምታውቁት ባለፈው ስብሰባ ስለ 7ኛና ስለ 8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ብዙ ተነጋግረን፣ በመጨረሻ 31 ወላጆች የፈረሙበት አንድ ማመልከቻ ተዘጋጅቶ ነበር። ማመልከቻውን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማዬም በ4ኛ ተራ ቁጥር ላይ ይገኛል። ቃሉ በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ልጆቻችንን ኖት አያጽፉም፣ ክፍለ ጊዜው በወሬና በሳቅ ያልቃል፣ ጫጫታው እስከ መንገድ ድረስ ይሰማል፣ የልጆቹ ደብተር ባዶ ነው፣ ስለዚህ ሌላ አስተማሪ ይመደብልን። ይህንን ለትምህርት ቤቱ የወላጅና መምህራን ኅብረት እንዳደርስ ታዝዤ ነበር።

እስከ ዛሬ አላደረስኩም። ይህ ጥፋት ነው ከተባለ ጥፋተኛው እኔ ነኝና ገሥጹኝ። ብቻ ምክንያቴን አስቀድማችሁ ስሙኝ።

ወረቀቱን ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ከፈረምነው 31 ሰዎች ውስጥ ያንን ክፍል በዓይኑ ያየ ማን አለ? እኔ አላየሁም። የልጄን ደብተር ገልጬ ባዶ ገጽ ነው ያየሁት። የቀረውን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው። ያላየሁትን ጽፌ፣ በማኅበር ማኅተም አስደግፌ የሰው እንጀራ ልነካ ነው ማለት ነው። ስለሆነም ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ መምህርቷም እሺ ብለው፣ 3 ቀን ከ7ኛ ክፍል፣ 2 ቀን ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ከኋላ ዴስክ ተቀምጬ ከረምኩ። ዛሬ የምነግራችሁ እዚያ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ግን እኔ ስለ እንግሊዝኛ ለመናገር ምን አቅም አለህ ለምትሉኝ፣ እውነት ነው፣ አቅም የለኝም። እኔ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 3ኛ ክፍል ስገባ ነው ኤ ቢ ሲ ዲን ያየሁት፤ በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ የሚጀመረው ከ3ኛ ክፍል ነበርና። መምህራችን ይናገራሉ፣ እኛ በአንድ ድምፅ እንደግማለን። ይጽፋሉ፣ እንገለብጣለን። ደብተሬ ሙሉ ነበር፤ ጽሕፈቴም ያምር ስለነበር ለሌሎች ማሳያ ይሆን ነበር። 6ኛን ጨርሼ ትምህርቴ ሲቋረጥ ግን አንድ ፈረንጅ መንገድ ቢጠይቀኝ በጣቴ ከማመልከት በቀር የምመልስለት ቃል አልነበረኝም። ማመልከቻውን ስጽፍ ይህን ነገር ረስቼው ነበር፤ የልጄን ባዶ ደብተር በዚያ በሞላው ደብተሬ ነው የለካሁት።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ።

በመጀመሪያው ቀን 7ኛ ክፍል ገባሁ። 62 ልጆች አሉ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡ። መምህርቷ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ አንድ ትልቅ ሰዓት ሣሉ። የዕለቱ ትምህርት ሰዓት መናገር ነበር። ይኼ ለፈረንጅ ልጅ ቀላል ይሆናል፤ ለእኛ ልጅ ግን ሁለት ሥራ ነው። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ተነሥተን ስለሆነ የኛ ጠዋት 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ 8 ሰዓት ይባላል። ልጁ ቃሉን ከማወቁ በፊት በአእምሮው 6 ሰዓት መደመር ወይም መቀነስ አለበት። መምህርቷ አንዱን ልጅ ትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ትመጣለህ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። እሱም ቀልጠፍ ብሎ «አት ቱ ኦክሎክ» አላቸው። አልተቆጡትም። ሰዓቱን እያሳዩ፣ «እንግዲያማ አንተ ስትደርስ እኛ ምሳችንን በልተናል» አሉት። የእንግሊዝኛው ሁለት ሰዓት በኛ 8 ሰዓት ነዋ! ክፍሉ በሳቅ አወካ፣ ልጁም አብሮ ሳቀ፣ ወዲያውም አርሞ «አት ኤይት» አለ። በመንገድ ስናልፍ የምንሰማው ሳቅ እንግዲህ አንዱ ይህ ነው። ያ ልጅ ይህን ስሕተት ዳግመኛ የሚሠራ አይመስለኝም።

ከዚያ ጫጫታው መጣ። መምህርቷ አንድ ጥያቄ ሰጧቸው፤ «ዋት ታይም ዱ ዩ ጌት አፕ?» በስንት ሰዓት ትነሣለህ ማለት ነው። በየዴስኩ አንዱ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ይመልሳል፣ ሦስተኛው አዳምጦ ስሕተት ይለቅማል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። 62 ልጆች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ እንግዲህ አስቡት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጆሮዬን ያዝኩ። ይኼ ምን ትምህርት ነው ብዬም በልቤ ተቆጣሁ።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህርቷን ቀርቤ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ጠመኔ አንሥተው ሒሳብ ሠሩልኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ልጆቹ 62 ናቸው። እሳቸው ምንም ሳይናገሩ፣ ስም ሳይጠሩ፣ ሰሌዳ ሳይጠርጉ፣ ተራ በተራ አንድ ባንድ እያስነሡ ቢያናግሯቸው ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 39 ሰከንድ ገደማ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ዝም ብሎ ሌላውን ያያል። በየዴስኩ ለ15 ደቂቃ ሲነጋገሩ ግን ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይደርሰዋል። «ዝም ያለ ክፍል ላሳይዎት እችላለሁ፤ ቋንቋ ግን አልሰጥዎትም» አሉኝ። እኔ እንኳ የዕድር ሒሳብ ለብዙ ዓመት የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ይህንን ሒሳብ ግን አስቤው አላውቅም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጥያቄና መልሱ እንዳለቀ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ ስለ ጓደኛው ይናገራል። ይህን ለምን ያደርጋሉ? ምክንያት አለው። በኛ ቋንቋ እነሣለሁ፣ ትነሣለህ፣ ትነሣለች፣ ይነሣሉ እያልን ለሁሉም እንለውጣለን። እንግሊዝኛው ለእኔም፣ ለአንተም፣ ለእኛም፣ ለእነሱም ያው አንድ «ጌት» ነው፤ ለእሱና ለእሷ፣ እንዲሁም ለአንድ ነገር ሲሆን ብቻ መጨረሻው ላይ አንዲት «ስ» ትጨመራለች። «ሂ ጌትስ፣ ሺ ጌትስ።» ይህቺ «ስ» በደብተር ላይ ስትጻፍ አንድ መስመር አትሞላም። ልጆቹ ሁሉ ሕጉን በቃላቸው ያውቁታል። ሲናገሩ ግን ትጠፋለች። ስለ ራስ ሲያወሩ አትመጣም፤ ስለ ጓደኛ ሲያወሩ ነው የምትፈለገው። መምህርቷ ጨዋታውን ያዘጋጁት ልጁ ሳያውቀው ይህችን «ስ» 10 ጊዜ እንዲላት ነው። ከጨዋታው ኋላ ሰዋስው ተደብቆ ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ደግሞ ያየሁት ያንን በስብሰባችን ላይ የተነሣውን ነገር ነው። አንዲት እናት ልጆቹ በመስኮት ምላሳቸውን እያወጡ ሲያፌዙ አየሁ ብለው አልነበር? ዕውነታቸውን ነው፣ ምላሳቸውን ያወጣሉ። እኔም አወጣሁ። በእንግሊዝኛ ውስጥ ምላስ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ገብቶ የሚነገር ድምፅ አለ፤ በፊደላችን ውስጥ ስለሌለ እኛ አንዳንዴ «ስ» አንዳንዴ «ዝ» እያልን እናልፈዋለን። ታዲያ ማሰብ የሚለው ቃልና መስመጥ የሚለው ቃል በኛ አፍ ሁለቱም «ሲንክ» ይሆናሉ። አስባለሁ ለማለት ፈልጎ እሰምጣለሁ ይላል ማለት ነው። መርከብና በግም እንዲሁ ናቸው። በኛ ፊደል ስንጽፋቸው ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ በእንግሊዝኛው ግን የበጉ ረዘም፣ የመርከቡ አጠር ይላል። አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ቃል ስለማይለይ ጆሯችን ልዩነቱን አይሰማውም። ሰምቶ ያልለየ ደግሞ ተናግሮ አይለይም። ይህን ደብተር ላይ አጽፎ ማስተማር አይቻልም፤ ምላስ መውጣት አለበት።

በዚሁ ቀን «በ» የምትለው ፊደላችን ስንት መከራ እንደምታመጣ አየሁ። እኛ በ3 ሰዓት፣ በሰኞ ቀን፣ በመስከረም፣ በአውቶቡስ፣ በእስክሪብቶ ስንል አንድ «በ» ይበቃናል። እንግሊዝኛው ለሰዓት «አት»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለወር «ኢን»፣ ለአውቶቡስ «ባይ»፣ ለእስክሪብቶ «ዊዝ» ይላል። ለአንዷ «በ» አምስት ቃል! በተቃራኒው ደግሞ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ የምንለውን ሁሉ «ዩ» ብሎ ይገላገለዋል። ታላቅና ታናሽ አይለይም። አንድ ልጅ ታዲያ ርእሰ መምህሩንም «ዩ» ነው የምላቸው ብሎ ሲጠይቅ እኔም መልሱን ለመስማት አንገቴን አሰገግኩ። አዎን፣ «ዩ» ነው፤ አክብሮቱ በ«ፕሊስ» እና በ«ሰር» ይገባል ብለው መለሱለት።

ማዳመጥ የሚባለውም አለ። መጽሐፉ በየምዕራፉ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ ቃላት፣ ሰዋስውና መጻፍ እያለ ነው የሚሄድ። ማዳመጥ ሲሆን ልጆቹ መጽሐፍ ይዘጋሉ። መጽሐፍ አዘግተው ያስቀምጧቸዋል ብለን የጻፍነው ይህንን ነው። መምህርቷ አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ያነቡላቸዋል። በመጀመሪያው ዝም ብለው ይሰማሉ፣ በሁለተኛው ጥያቄ ይመልሳሉ፣ በሦስተኛው መልሳቸውን ያጣራሉ። መጽሐፉ ቢከፈት ዓይን ያነባል፣ ጆሮ ይተኛል።

ስለ 8ኛ ክፍሉ ብዙ አልልም፤ ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛው ንባብ ነው። ስለ ዝናብ እጥረት የሚናገር ምንባብ ነበር። ልጆቹ «ድራውት» የሚል ቃል ላይ ሲደርሱ ትርጉሙ ይነገረን አሉ። አልነገሯቸውም። ከፊትና ከኋላ ያለውን አንብቡ አሏቸው። ዝናብ ጠፋ ይላል፣ ወንዙ ደረቀ ይላል፣ ከብቱ ሞተ ይላል። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ «ድርቅ!» ብላ ጮኸች። መምህርቷ የነገሩኝ ይህን ነው፤ ፈተና ላይ መዝገበ ቃላት የለም፤ ያልታወቀ ቃል ባጋጠመ ቁጥር የሚቆም ተማሪ ገጹን ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ሁለተኛው መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ ያፈርኩት። ልጆቹ አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ። የሚጽፉት ግን በደብተር ላይ አይደለም፣ በልቅ ወረቀት ላይ ነው። ከጻፉ በኋላ ከጎረቤት ጋር ይለዋወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሕተት በእርሳስ ያሰምርበታል፣ ከዚያ ባለቤቱ አስተካክሎ በሌላ ወረቀት እንደገና ይጽፈዋል። ሁለቱንም ወረቀት አያይዞ ያስረክባል። መምህርቷ ቁም ሣጥን ከፍተው ክላሰሮቹን አሳዩኝ። የልጄን ስም ፈልጌ አገኘሁ። ከመስከረም ጀምሮ 11 አንቀጽ ጽፋለች፤ መጀመሪያ የተጻፈውና የታረመው ጎን ለጎን ተያይዞ ነው። የመጀመሪያው ሦስት መስመር ነው፤ የመጨረሻው ገጹን አልፏል። እኔ ቤት ውስጥ ባዶ ደብተር ገልጬ ስቆጣት፣ ልጄ ሥራዬ ትምህርት ቤት ነው ያለው ብላኝ ነበር። ውሸት መስሎኝ ነበር።

ልጄን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ የምትስቁብኝ ከሆነም ሳቁብኝ። በ3ኛው ቀን በ7ኛ ክፍል የሚማሩት መቻልንና አለመቻልን መናገር ነበር። እሷ ተነሥታ ስለ አባቷ ተናገረች። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝና ሳቀ። እኔ የገባኝ «ማይ ፋዘር» የሚለው ብቻ ነው። አብሮኝ የተቀመጠውን ልጅ ምን አለች ብዬ በጆሮው ጠየቅኩት። «አባቴ በጣም ጥሩ አድርጎ ይጽፋል፣ እንግሊዝኛ መናገር ግን አይችልም ብላለች፣ ጋሼ» አለኝ። ልጄ ስለ እኔ የተናገረችውን የሰው ልጅ ተርጉሞ ነገረኝ። በመንገድ ስመለስ ያ ማመልከቻ በኪሴ ነበር፤ በጥሩ ጽሕፈት የተጻፈው ማለቴ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ደኅና ነው ልላችሁ አይደለም። ያየሁትን ጉድለትም እናገራለሁ።

ከኋላ የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ ተነጋገሩ ሲባሉ በአማርኛ ስለ ኳስ ነው የሚያወሩ። መምህርቷ ፊት ለፊት ሲሆኑ ከኋላ አይታያቸውም፤ ዴስኩ ተጠጋግቶ ስለተደረደረ በመካከል ማለፊያ የለም። በዚያ ጫጫታ ውስጥ 15 ወይም 20 ልጅ ምንም ሳይል ይወጣል ብል አላጋነንኩም። ደግሞም የቃል አጻጻፍ ሲያስጠኑ አላየሁም፤ እንግሊዝኛ እንደሚነበበው አይጻፍምና ይህ ሊተው የሚገባ አይደለም። «ናይፍ» የሚለው ቃል ፊት ለፊቱ የማይነበብ «ኬ» አለበት፤ ይህን በጆሮ ብቻ ማን ያውቀዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ለወላጅ አልነገሩንም። የልጆቹ ጽሑፍ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ብናውቅ ኖሮ 31 ሰው ባልፈረመም ነበር። ይህን ለራሳቸው ነግሬያቸው እውነት ነው ብለዋል።

የፈተናው ጉዳይም አለ። ባለፈው አንድ አባት፣ ሚኒስትሪ ላይ ማን ያናግራቸዋል ብለው የተናገሩት ትክክል ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ መናገርን አይጠይቅም። ምርጫ ማጥቆር ብቻ የተለማመደም ሊያልፍ ይችላል። እኔም ይህን ይዤ መምህርቷን ሞገትኳቸው። የመለሱልኝ ግን 9ኛ ክፍል ሲደርሱስ የሚል ጥያቄ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ እንዲሆን አድርጓል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ያንን የፕላዝማ ትምህርት የተማሩ ልጆች ያሏችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ቆይ አይባል፣ ድገምልኝ አይባል። ብዙዎቹ ልጆች ትምህርቱ ሳይከብዳቸው ቋንቋው ነበር ያስቀራቸው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። 3.2 ከመቶ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ ብዙ ጣጣ አለበት። ነገር ግን የፊዚክሱም የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቅም ምን ይጠቅመዋል? 7ኛና 8ኛ ክፍል ከዚያ ወንዝ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት ናቸው።

የዕድራችን አባት ይህን ሁሉ ሳወራቸው ፈገግ ብለው ሰሙኝ። እሳቸው በጃንሆይ ዘመን ነው የተማሩት። ከጠላት ወረራ በፊት በትምህርት ቤት የበረታው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛው ሥፍራውን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው አሉኝ። እሳቸውን 8ኛ ክፍል ያስተማራቸው ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገራችን ከመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን አንዱ ነበር። እኛም ያን ጊዜ ይኼ ሰውዬ ያጫውተናል እንጂ አያስተምረንም ብለን ለዲሬክተር ከስሰን ነበር አሉኝ! ገበያ ሠርቶ አንዱን ሻጭ አንዱን ገዥ ያደርጋቸው ነበር። ከዚያ ዘመን የጻፉት ደብተር ዛሬ የለም፤ የሻጩን ንግግር ግን ቆመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሉልኝ። ምን እንዳሉ ባላውቅም አላደናቀፋቸውም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። እንግሊዝኛ የማናውቅ ወላጆች ምን ልናደርግ እንችላለን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ብዙ ነው አሉኝ። ልጁ በየማታው 10 ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ፤ ትክክል መሆኑን ባታውቁም መንተባተቡን ታውቃላችሁ። ሲጨርስ ምን ይላል ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት፤ ታሪኩን መልሶ መንገር ካልቻለ ፊደል ቆጠረ እንጂ አላነበበም። እኔ ይህን ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ልጄ መጀመሪያ ላይ ታሪኩን ትዘል ነበር፤ አሁን እኔ ከዚያስ፣ ከዚያስ እያልኩ ስለምጠይቅ መዝለል አልቻለችም።

ከሁሉ ያስጠነቀቁኝ ግን ሳቅን ነው። በክፍል ውስጥ ያለውን ሳቅ ማለታቸው አይደለም፤ እሱ አብሮ መሳቅ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ነው። ልጅ አንድ ቃል ሲሞክር ታላቅ ወንድሙ ፈረንጅ መጣች ብሎ ያሾፍበታል፣ እኛም አብረን እንስቃለን። ከዚያ በኋላ አፉን ይዘጋል። ከ62ቱ ውስጥ በጣም ጎበዝ ጸሐፊ ሆኖ ግን ሲናገር ድምፁ የማይሰማ አንድ ልጅ አለ፤ ቤቱን ስለማውቀው ስሙን አልጠራም።

የማኅበራችንን አዳራሽ በሚመለከት ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባዶ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች መጥተው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ፣ እንዲያነቡ ቢፈቀድ መብራቱ ያው የሚበራ ነው። በቁም ሣጥናችን ውስጥ አንድ የአምሳሉ አክሊሉ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አለ፤ ጀርባው ተገንጥሏል፣ አስጠርዘዋለሁ። ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጆች ሊያግዟቸው ፈቃደኛ ሆነዋል። ጫጫታ እንደሚኖር ግን ለአዳራሹ ጎረቤቶች ከወዲሁ አሳስባለሁ፤ ከይቅርታ ጋር።

ስለ ማመልከቻው ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። እንደተጻፈው አይሂድ። በምትኩ ሌላ አጭር ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መምህርት ይቀየሩ የሚለው ወጥቶ፣ የልጆቹ ክላሰር በየወሩ ለወላጅ ይላክ፣ የቃል አጻጻፍ ይጠና፣ ዴስኮቹ መካከል ማለፊያ ይከፈት የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች አሉበት። ዴስኮቹን በማንሣት ረገድ ከማኅበራችን ወጣቶች 8 ሰው ቅዳሜ ጠዋት ሊመጣ ይችላል ብዬም ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌን እንዳታሳጥፉኝ።

ውሳኔው የእናንተ ነው። እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ እጅ አውጥተን እንወስናለን። የፈረማችሁ ሁሉ ፊርማችሁ የራሳችሁ ስለሆነ እኔ አልነካውም፤ የራሴን ግን ሰርዣለሁ። አሁን በማመልከቻው ላይ ያለው 30 ፊርማ ነው። ለማየት፣ ለመሰረዝም ሆነ ለመጨመር የሚፈልግ በጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ስለሚገኝ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት በኋላ መምጣት ይችላል። ክፍሉን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ርእሰ መምህሩ ረቡዕ ጠዋት በ3ኛው ክፍለ ጊዜ ሁለት ወላጅ እንዲገባ ፈቅደዋል። አንዱን ቦታ ምላስ ሲያወጡ ያየኋቸው ያሉት እናት ይዘውታል፤ አንድ ቦታ ቀርቷል።